ቾንግጌቾንን ከታች ወደ ላይ፦ የሴኡል ጅረትና ሙዚየሙ ሲመዘኑ

የደቡብ ኮሪያን ዋና ከተማ ሴኡልን የሚጎበኝ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ቾንግጌቾን የተባለው ጅረት ነው። ጅረቱ በከተማዋ እምብርት፣ በባንኮችና በመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ የሚፈስ ሲሆን በግራና በቀኝ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶለታል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ በማታም በመብራት ደምቆ ሰው ሲንሸራሸርበት ያመሻል። አብዛኛው ጎብኚ ወደ ጅረቱ የሚወርደው በምዕራብ ጫፍ ካለው አደባባይ ነው። እዚያ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አለ፤ ጎብኚው ፎቶግራፍ ይነሣል፣ አንድ ሁለት ድልድይ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥቱ ወይም ወደ ገበያው ያመራል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጉብኝቱ ከታች፣ ከቾንግጌቾን ሙዚየም ተጀምሮ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ ወደ ላይ ቢደረግ ቦታው ሌላ ሆኖ ይታያል። ከላይ የጀመረ ሰው የሚያገኘው ያማረ የከተማ መዝናኛ ነው፤ ከታች የጀመረ ግን መዝናኛው ምን ተከፍሎበት እንደተሠራ አስቀድሞ ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙዚየሙ የሚገኘው ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ የ2ኛ መስመር ቅርንጫፍ ከዮንግዱ ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። የተመረቀው በመስከረም 2005፣ ጅረቱ ራሱ ለሕዝብ ከመከፈቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነበር። ሕንፃው ረጅምና ጠባብ ሆኖ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ ሲሆን፣ ጎብኚው መጀመሪያ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ከጥንቱ ዘመን ወደ ዛሬው እያለፈ በየደረጃው ይወርዳል። መግቢያው ነፃ ነው። ሙዚየሙ ትልቅ አይደለም፤ ትልቅ አለመሆኑም ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የአሮጌ ካርታዎችና ፎቶግራፎች፣ የድልድዮችና የሠፈሮች ቅርጸ ሞዴሎች በቅደም ተከተል ስለተቀመጡ አንድ ሰው ብዙ ሳይደክም የጅረቱን ስድስት መቶ ዓመት ታሪክ ጨብጦ ይወጣል። ቀጥሎ የሚደረገው የእግር ጉዞ ደግሞ ያንን ታሪክ በቦታው ለመፈተሽ ይረዳል።

የጅረቱን ነገር ለመረዳት ከመልክዓ ምድሩ መነሣት ያስፈልጋል። የጆሶን ሥርወ መንግሥት በ1394 መናገሻውን ወደዚህ ስፍራ ሲያዛውር የመረጠው በአራት ተራሮች የተከበበ ጎድጓዳ ሜዳ ነበር፤ በሰሜን ቡጋክ፣ በምዕራብ ኢንዋንግ፣ በደቡብ ናምሳን፣ በምሥራቅ ናክሳን። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሁሉ ማረፊያው የከተማዋ መሀል ስለሆነ፣ ገባሮቹ ተሰብስበው ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ርዝመት ያለውን ይህን ጅረት ይፈጥራሉ። ጅረቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ፈስሶ ጁንግናንግቾን ከተባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ያም ተጠማዞ ወደ ታላቁ ሃን ወንዝ ይገባል። ሃን የሚፈሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጅረቱና ወንዙ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። የምድርን ገጽ አይተው ስለ ዕድል የሚተነብዩ የዘመኑ ሊቃውንት ይህንን እንደ መልካም ምልክት ቆጥረውት ነበር። ከተማዋን ማስተዳደር ለነበረባቸው ሰዎች ግን ጅረቱ በየዓመቱ የሚመጣ ፈተና ነበር። የኮሪያ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው እንደ እኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ በቀሪው ዓመት አሸዋው ላይ እየተንከባለለ ከርሞ የነበረው ቀጭን ውሃ በክረምት ሞልቶ ቤት ያፈርስና ሰው ይወስድ ነበር።

ስለዚህ ጅረቱ ገና ከጥንቱ የሰው እጅ ያልተለየው ነው። ንጉሥ ቴጆንግ ከ1406 ጀምሮ የጅረቱን አልጋ፣ ማለትም ውሃው የሚሄድበትን ወለል፣ አስቆፈረ፤ በ1412 መጀመሪያ ላይም ከ50,000 በላይ ሠራተኛ አሰማርቶ ዳርቻዎቹን በድንጋይና በእንጨት አስገነባ። የልጁ የሴጆንግ ዘመን ይበልጥ የሚያስገርም ክርክር ይዞ መጣ። በ1444 አንድ ሹም የመናገሻ ከተማ ውሃ ንጹሕ መሆን አለበትና ቆሻሻ እንዳይጣልበት ይከልከል ሲል ተከራከረ፤ ኦ ህዮ ቾም የተባለ ሌላ ሹም ደግሞ ሰው በብዛት የሚኖርበት ከተማ ቆሻሻውን የሚወስድለት ውሃ ካላገኘ ሊኖር አይችልም ብሎ መለሰ። ንጉሡ የተቀበለው የሁለተኛውን ሐሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ጅረቱ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል የከተማዋ ፍሳሽ መውረጃ ሆኖ አገለገለ። ቦታውን ዛሬ እንደ ጥንተ ተፈጥሮው የተመለሰ ንጹሕ ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የከተማው ነዋሪ የሚያስታውሰው ንጹሕ ቾንግጌቾን ኖሮ አያውቅም።

በ18ኛው መቶ ዘመን ነገሩ ከፋ። የነዋሪው ቁጥር ጨመረ፣ የተራሮቹ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ፣ ዝናቡ ጠርጎ ያወረደው አሸዋም የጅረቱን አልጋ እየሞላ ድልድዮቹን እስከ አንገታቸው ቀበራቸው። ንጉሥ ዮንግጆ በ1760 ሁለት መቶ ሺህ የሚሆን ሰው አሰማርቶ በ57 ቀናት ደለሉን አስጠረገ። ከሥራው ሁሉ ብልህ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲጨርሱ በድልድይ ምሰሶ ላይ አራት የቻይና ፊደላት ቀረጹ። ጽሑፉ በዚያ ዓመት ወለሉ የት ድረስ እንደተጠረገ የሚያመለክት ነበርና፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሹም ፊደላቱ በደለል ተሸፍነው ባየ ጊዜ የጠረጋ ጊዜ መድረሱን ያውቃል፣ እስከ የት እንደሚቆፍርም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ፊደላቱ ዛሬም ስለሚታዩ ወደ ላይኛው ጫፍ ስንደርስ እንመለስባቸዋለን።

የሙዚየሙ ጠንካራ ክፍል ግን የነገሥታቱ ታሪክ አይደለም፤ ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ያለው ዘመን ነው። ከ1950 እስከ 1953 በተካሄደው ጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሴኡል ሲጎርፍ፣ ባዶ መሬት ያገኘው በጅረቱ ዳር ነበር። ግማሹ በመሬት፣ ግማሹ በውሃው ላይ በተተከሉ ቋሚዎች የቆመ የሳንቃ ቤት ሠራ፤ መጸዳጃውም፣ የልብስ ማጠቢያውም፣ የልጆች መጫወቻውም ያው ጅረት ሆነ። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እነዚህን ፎቶግራፎች እንደ ሌላ ሰው አገር ነገር ብቻ አያልፋቸውም። ከ1951 ጀምሮ በየተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች፣ በጠቅላላው 6,037 ወታደሮች፣ የተዋጉት እነዚህን ተፈናቃዮች ባፈለሰው ጦርነት ውስጥ ነው። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ ጅረቱን ተሻግሮ፣ የእነዚያ የሳንቃ ቤቶች ናሙና ተሠርቶ ይታያል። ናሙናው ትንሽ ጽዱና ትንሽ ያማረ ስለሆነ ፎቶግራፎቹን ካዩ በኋላ ብዙ አያሳምንም፤ ሆኖም በጅረቱ ላይ የተንጠለጠለ ቤት ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ለመገመት ይረዳል።

መንግሥት ለችግሩ የሰጠው መልስ ጅረቱን መሸፈን ነበር። በጃፓን አገዛዝ ዘመን በላይኛው ክፍል ተጀምሮ የነበረው ሥራ በ1958 በስፋት ቀጠለ፤ እስከ 1970ዎቹም ድረስ ጅረቱ ክፍል በክፍል በኮንክሪት ታፍኖ በላዩ ሰፊ የመኪና መንገድ ተዘረጋ። የሳንቃ ቤቶቹ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተወሰዱ። ይህም አልበቃ ብሎ በ1967 በመንገዱ ላይ ሌላ መንገድ፣ በምሰሶዎች የተሸከመ የፈጣን መኪና መንገድ መሠራት ተጀመረ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1968 ደቡብ ኮሪያን ጎብኝተው በቹንቾን ከተማ የቃኘው ዘማቾችን መታሰቢያ ሐውልት ሲመርቁ፣ በሴኡል የዚህ መንገድ ምሰሶዎች እየቆሙ ነበር። በዚያን ጊዜ መንገዱ የድኻ አገር ኩራት፣ በጋዜጣና በፖስታ ካርድ የሚታይ የዕድገት ምልክት ነበር። በሙዚየሙ ውስጥ የዚያ ዘመን ስሜት ሳይፌዝበት መቅረቡን ወድጄዋለሁ፤ ዛሬ ሁሉም የሚያወግዘውን ነገር የቀደመው ትውልድ ለምን እንደተመኘው ጎብኚው ይገባዋል።

ሰላሳ ዓመት ሳይሞላ ምሰሶዎቹ ዛጉ፣ ኮንክሪቱም ተሰነጣጠቀ። በ1994 የሶንግሱ ድልድይ ወድቆ 32 ሰዎች፣ በዓመቱ የሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ ፈርሶ 502 ሰዎች የሞቱበት ከተማ የአንድን ግንባታ መበላሸት በቸልታ ሊያልፈው አይችልም ነበር። በ2002 ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው፣ ቀደም ሲል የታላቅ የግንባታ ድርጅት ኃላፊ የነበረውና በኋላም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊ ምዩንግ ባክ፣ መንገዱን ከመጠገን ይልቅ አፍርሶ ጅረቱን መክፈትን የምርጫ ቃሉ አደረገው። ማፍረሱ በሐምሌ 1 ቀን 2003 ተጀመረ፤ 5.8 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ክፍልም በጥቅምት 1 ቀን 2005 ለሕዝብ ተከፈተ። ወጪው 386 ቢሊዮን የኮሪያ ዎን ያህል ነበር። በሃያ ሰባት ወር ውስጥ ይህን ሁሉ መሥራት የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ አሁን የማነሣቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚሁ ጥድፊያ ይመስለኛል።

ከሙዚየሙ ወጥተው ወደ ጅረቱ ወርደው ጥቂት ወደ ላይ እንደተራመዱ ሦስት የኮንክሪት ምሰሶዎች በውሃው መካከል ቆመው ያገኛሉ። የፈረሰው የአየር ላይ መንገድ ምሰሶዎች ናቸው፤ ሆን ተብሎ ለመታሰቢያ ተተውተዋል። ጫፋቸው እንደተቆረጠ የቀረ ሲሆን የሚሸከሙት ነገር የለም። ከጅረቱ ቅርሶች ሁሉ ሐቀኛው ይህ ነው እላለሁ፤ ከተማዋ የራሷን ያለፈ ውሳኔ ሳትደብቅ ያቆመችበት ብቸኛ ቦታ ነውና። ከላይ በፏፏቴው በኩል የገቡ ጎብኚዎች ግን እስከዚህ ድረስ ብዙ ጊዜ አይደርሱም።

እዚህ ላይ ስለ ውሃው መናገር ያስፈልጋል። የታችኛው ክፍል ሸምበቆና ሣር የበዛበት፣ ሽመላ ቆሞ ዓሣ የሚጠብቅበት፣ እውነተኛ ወንዝ የሚመስል ነው። የጥናት መዛግብት እንደሚያሳዩት ከሥራው በፊት 4 የነበሩት የዓሣ ዓይነቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ 25 ደርሰዋል፤ በሞቃቱ ወቅትም በጅረቱ ዳር ያለው አየር ጥቂት ቅያሶች ርቆ ካለው መንገድ ከ3.3 እስከ 5.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ይህ ልዩነት ለመታመን መለኪያ አያስፈልገውም፤ ከመንገዱ ደረጃውን ወርዶ ዝቅ ማለት ብቻ ይበቃል። የአዲስ አበባን ቀበናን ወይም ግንፍሌን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው የሽታውን አለመኖር ነው። ፍሳሹ ከሁለቱም ዳርቻ በታች በተቀበሩ ቦዮች ተለይቶ ወደ ማጣሪያ ስለሚሄድ ከጅረቱ ጋር አይገናኝም፤ ከሚታየው ሥራ ይልቅ ይህ የማይታየው ሥራ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ነገር ግን የሚፈሰው ውሃ ከተራሮቹ የመጣ አይደለም። የላይኛዎቹ ገባሮች ዛሬም በመንገዶች ሥር ተቀብረው ወደ ፍሳሽ ቦዮች ስለሚገቡ፣ በጅረቱ የሚታየው ውሃ በየቀኑ ወደ 120,000 ቶን የሚሆነው፣ አብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ ተስቦና ታክሞ፣ ቀሪው ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ከሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ተጨምሮበት ወደ ላይኛው ጫፍ ተወስዶ የሚለቀቅ ነው። ወደ ታች እንዳይሰርግም ከአልጋው በታች ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ተደርጎለታል። ፓምፑ ቢቆም ጅረቱም ይቆማል። ብዙ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ ያቀረቡት ነቀፌታ ይህ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ፣ ግን በከፊል። ቦታው «ተሃድሶ ያገኘ ወንዝ» ተብሎ ሲጠራ ነቀፌታው ትክክል ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ በደንብ የተያዘ የሕዝብ መናፈሻ ተብሎ ቢጠራ ግን የሚወቀስበት ነገር አይኖርም፤ የትኛውም መናፈሻ ውሃ የሚጠጣው በቧንቧ ነውና።

ጉዞው ወደ ዶንግዴሙን ሲቃረብ ዳርቻዎቹ ይጠባሉ፣ ሣሩ ይቀንሳል፣ ድንጋዩ ይበዛል። በግራና በቀኝ ከፍ ብለው የሚታዩት የልብስና የጨርቅ ገበያዎች ናቸው። በዚህ አካባቢ፣ በተለይም በህዋንግሃክ ሠፈር፣ በአየር ላይ መንገዱ ሥር ብዙ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ይሠሩ ነበር። ግንባታው ሲጀመር ተነሥተው ወደ አሮጌው የዶንግዴሙን ስታዲየም ተወሰዱ፤ ስታዲየሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲፈርስ እንደገና ወደ ሺንሶልዶንግ አካባቢ ተዛወሩ፤ ዛሬ በዚያ የባህላዊ አሮጌ ዕቃዎች ገበያ ሆኖ ይገኛል። በጅረቱ ዳር ሲራመዱ ስለ እነርሱ የሚነግር ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለ ነገሥታት ድልድይ ብዙ የሚናገር ቦታ ስለ ትናንት ነጋዴዎች ይህን ያህል ዝም ማለቱ ሚዛኑን ያዛባዋል።

አንድ ሰው ግን አልተረሳም። ጆን ቴ ኢል በፕዮንግህዋ ገበያ፣ ማለትም በዚሁ ጅረት ዳር ባለው ረጅም ሕንፃ ውስጥ፣ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። በዝቅተኛ ጣሪያ ሥር፣ አቧራ በሞላው አየር፣ ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ሴቶች በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ በስፌት መኪና ሲሠሩ አይቶ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ይከበር ዘንድ አቤቱታ ቢያቀርብም የሚሰማው አላገኘም። በኅዳር 13 ቀን 1970፣ በ22 ዓመቱ፣ በገበያው ፊት ለፊት በራሱ ላይ እሳት ለኩሶ «እኛ መኪና አይደለንም» እያለ ሞተ። የኮሪያ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ታሪክ ከዚያ ቀን ይቆጠራል። በ2005 በአቅራቢያው ባለው ድልድይ ላይ እስከ ወገቡ ድረስ የተቀረጸ ሐውልት ተሠራለት። ወደ ላይ ጥቂት ሄዶ፣ በጅረቱ ዳር፣ በ2019 የተከፈተው የመታሰቢያ ማዕከሉ ይገኛል፤ የሕንፃው ፊት በእጁ የጻፈው የአቤቱታ ደብዳቤ ጎልቶ ተጽፎበታል። ጎብኚ ከጅረቱ ወጥቶ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

የራበው ሰው ከዚሁ ሳይርቅ ወደ ግዋንግጃንግ ገበያ ሊወጣ ይችላል። በ1905 የተመሠረተ ገበያ ሲሆን ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በምግቡ ነው። የታወቀው ቢንዴቶክ የተባለው ነው፤ ማሾ በድንጋይ ወፍጮ ተፈጭቶ ከአትክልት ጋር ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ ወፍራም ቂጣ ነው። የአሳማ ሥጋ የማይበሉ አንባቢዎች ግን ሳያዙ በፊት መጠየቅ አለባቸው፤ ሊጡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ የሚጨምሩ ሻጮች አሉና። ጾመኞች ደግሞ ኪምቺ የተባለው የኮሪያ የተብላላ አትክልት ብዙ ጊዜ በጨው የታሸ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ እንደሚገባበት ልብ ይበሉ። ከገበያው ቀጥሎ ጅረቱን አቋርጦ የቆመው የ1968ቱ የሴዉን ሕንፃ የኤሌክትሮኒክስና የመሣሪያ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነው። የሴኡል ሰዎች በዚህ ሠፈር አንድ ዙር የዞረ ሰው ታንክ ገጣጥሞ ይወጣል ይላሉ፤ የእኛ ሰው ስለ መርካቶ ምናለሽ ተራ እንደሚለው ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ያለው የመጨረሻው ክፍል በታሪክ ቅርስ የበለጸገው፣ በአያያዙም ይበልጥ የሚያከራክረው ነው። የሱፕዮ ድልድይን እንውሰድ። በ1441 ሴጆንግ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ምሰሶ ያስተከለው በዚህ ድልድይ አጠገብ ነበር፤ የጎርፉን መጠን በመስፈሪያ ለማወቅ የተደረገ የመንግሥት ሥራ ነውና በዓለም የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። ድልድዩ ጅረቱ ሲሸፈን ተነሥቶ ወደ ጃንግቹንግዳን መናፈሻ ተወሰደ፤ የመለኪያው ድንጋይም በሴጆንግ መታሰቢያ አዳራሽ ይገኛል። ጅረቱ ሲከፈት ድልድዩ ወደ ቦታው ይመለሳል ተብሎ ቢጠበቅም፣ አዲሱ ቦይ ከጥንቱ ስለጠበበ ሳይመለስ ቀረ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ድልድይ ሌላ ነው። ለጥንቱ ድልድይ የማይበቃ ጅረት መሥራትና ሥራውን የታሪክ መመለስ ብሎ መጥራት አብረው አይሄዱም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ምንም ያህል ብፈልግ ለግንባታው ጠበቃ ልሆን አልቻልሁም።

ጥቂት አለፍ ብሎ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ንጉሥ ጆንግጆ በ1795 ከእናቱ ጋር ወደ አባቱ መቃብር ያደረገው ጉዞ በሸክላ ጡቦች ላይ ተሥሎ ይታያል። ሥዕሉ ከ180 ሜትር በላይ ስለሚረዝም በእግር እየተጓዙ ማየቱ ከሰልፉ ጋር አብሮ እንደመሄድ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ሰው የሚያየው ግን ከሰልፉ አንዱን ጫፍ ጀምሮ ስለሆነ መሪዎቹን ከተከታዮቹ ለመለየት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጆች ፈረሶቹን መቁጠር ይወዳሉ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን የግዋንግቶንግ ድልድይ ነው። እላይ ሆኖ ሲያዩት ተራ የድንጋይ ድልድይ ይመስላል፤ ስለዚህ ከሥሩ መግባት ያስፈልጋል። በዳርቻ ግድግዳዎቹ ላይ ደመናና ቅዱሳን አካላት በረቂቅ እጅ የተቀረጹባቸው ታላላቅ ድንጋዮች አሉ፤ አንዳንዶቹም ተገልብጠው፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ ተገንብተዋል። ድንጋዮቹ የንግሥት ሺንዶክ መቃብር ናቸው። ሺንዶክ የመጀመሪያው ንጉሥ የቴጆ ሁለተኛ ሚስት ስትሆን የራሷ ልጅ አልጋ ወራሽ እንዲሆን አድርጋ ነበር። የእንጀራ ልጇ፣ በኋላ ንጉሥ ቴጆንግ የተባለው፣ በ1398 ያንን ልጅ አስገደለ፤ እርሷ አስቀድማ ሞታ ነበርና ቂሙ ወደ መቃብሯ ዞረ። መቃብሯን ከከተማው አስወጥቶ በ1410 ድልድዩ ሲታደስ ድንጋዮቿን ሕዝብ ለሚረግጠው፣ ቆሻሻ ውሃ ለሚያልፍበት መሠረት አዋለው። ቅርጾቹ በኮንክሪት ሥር ታፍነው በቆዩባቸው ዐሥርተ ዓመታት ከፀሐይና ከዝናብ ተጠብቀው በመኖራቸው ዛሬ ጥርት ብለው ይታያሉ። እዚያው ሥር ቆመው ምሰሶዎቹን ቀረብ ብለው ከተመለከቱ፣ የ1760ው ጠረጋ ምልክት የሆኑትን ፊደላት ያገኛሉ፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከበታቻቸው ያልፋል። ይህም ድልድይ ቢሆን ከጥንት ቦታው ወደ 150 ሜትር ወደ ላይ ተወስዶ የተተከለ ነው፤ የመኪናው መንገድ በነበረበት እንዲቀጥል ሲባል ድልድዩ ተነሣ።

በመጨረሻ አደባባዩ ይደረሳል። ፏፏቴው ጎብኚ የሚሰበሰብበት ነው፤ በላዩ በ2006 የቆመው፣ ክሌስ ኦልደንበርግና ኩሺ ቫን ብሩገን የሠሩት፣ ሽቅብ የተጠማዘዘ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል 20 ሜትር ከፍታ ያለው ቀለማም ሐውልት አለ። ከጅረቱ ታሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ለፎቶግራፍ ግን ይሆናል። ከታች የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ውሃው ከዓለት ሳይሆን ከቧንቧ እንደሚፈልቅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ፏፏቴውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ስለ አገልግሎቱ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ዋናው ጉድለት መውረጃው ነው። ወደ ጅረቱ የሚወስዱት አብዛኞቹ መንገዶች ደረጃዎች ናቸው፤ ተንሸራታች መውረጃዎች አሉ፣ ግን በብዙ ርቀት ተራርቀዋል፤ በላይኛው ክፍል የእግረኛ መንገዱም በቦታ በቦታ ጠባብ ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ገና በመክፈቻው ጊዜ ይህንኑ ተቃውመው ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም የልጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው በሙዚየሙ በኩል ያለውን ሰፊውን ክፍል ቢመርጥ ይሻለዋል። በውሃው ውስጥ የተደረደሩት መሸጋገሪያ ድንጋዮች ለእግር የተመቹ ቢሆኑም እርጥብ ሲሆኑ ያንሸራትታሉ። በጅረቱ ዳር ሲጋራ ማጨስም ሆነ መጠጥ መጠጣት ክልክል ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ በግድግዳዎቹ ላይ ያሉት መዝጊያዎች ተከፍተው የመንገዱ ጎርፍ ወደ ጅረቱ ስለሚገባ መንገዱ ወዲያውኑ ይዘጋል፤ ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ሳይዘገዩ ወደ ላይ መውጣት ግዴታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድ ሰው ይህንን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ለእግር መንገዱ ከአምስት አራት፣ ለሙዚየሙ አራት ተኩል፣ ለታሪክ ቅርሶቹ አያያዝ ግን ከሁለት ተኩል በላይ አልሰጥም። ሙሉው ጉዞ፣ ሙዚየሙንና ገበያውን ጨምሮ፣ ግማሽ ቀን በቂው ነው። ከሰዓት በኋላ ቢጀመር የላይኛው ክፍል መብራት ሲበራ ይደረሳል። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ካሉት ቀናት አንዱን መምረጥ፣ ከመውረድም በፊት በሙዚየሙ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ይመከራል።